ፈንገስ መሳዩን ተሕዋስ በዕፅዋት ጭምቅ ስፈትን

ፒቲየም ኢንሲዲዮሰም የሚባለው ተሕዋስ አጋር ላይ (ላብራቶሪ ውስጥ ተሕዋስ የሚያድግበት የረጋ ምግብ ነው) ሲያድግ ላየው ሰው ፈንገስ ነው። ነጣ ያለ ክር ይዘረጋል፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ሳህኑን ይሸፍነዋል። ማይክሮስኮፕ ሥር ብታስገቡትም ሻጋታ ይመስላል። የሚያወጣው ቁስልም እንደዚያው። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሐኪሙ ፈንገስ ነው ብሎ የፈንገስ መድኃኒት ያዛል። መድኃኒቱ አይሠራም። ጊዜው ግን ይሄዳል።

ፒቲየም ኦኦማይሲት ከሚባለው ወገን ነው። ከእውነተኛ ፈንገሶች ይልቅ ለቡናማ የባሕር አልጌዎች ይቀርባል። በ1845 አየርላንድ ላይ ድንቹን ያወደመው ፋይቶፍቶራ ኢንፌስታንስ ዘመዱ ነው። አብዛኞቹ የወገኑ አባላት ከዕፅዋት ጋር ነው ጠባቸው። ይሄኛው ግን እንስሳና ሰው ውስጥ ይገባል። ፈረስና ውሻ ያጠቃል። በሰው ላይ በብዛት የታወቀው ታይላንድ ውስጥ ነው፤ በተለይ ታላሴሚያ የሚባል የደም ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ። ደም ቧንቧ ውስጥ ገብቶ ይዘጋል። ዓይን ላይም ይወጣል። የሕሙማኑን ታሪክ ሳነብ መጨረሻው ደጋግሞ ቀዶ ሕክምና መሆኑ እረፍት ነሳኝ። ወይ እግር ይቆረጣል፣ ወይ ዓይን ይወጣል። ወደዚህ ሥራ የገፋኝ ይሄ ነው።

መድኃኒቶቹ ለምን እንደማይሠሩ መረዳት የሥራው ግማሽ ነው። ብዙዎቹ የፈንገስ መድኃኒቶች የሚያነጣጥሩት ኤርጎስቴሮል ላይ ነው። ኤርጎስቴሮል የፈንገስ ሴል ሽፋን ውስጥ ያለ ቅባት ነው። አምፎቴሪሲን ቢ እሱ ላይ ይጣበቃል። ፍሉኮናዞልና ኢትራኮናዞል ደግሞ እንዳይመረት ያግዳሉ። ፒቲየም ግን ስቴሮል የሚባለውን የዚህን ቅባት ወገን ለራሱ አያመርትም፤ የሚያስፈልገውን ካለበት አካባቢ ይወስዳል። ስለዚህ መድኃኒቱን ተላምዶ አይደለም የተቋቋመው። ዒላማው ከመጀመሪያውም የለም። የሴል ግድግዳውም በአብዛኛው ቤታ ግሉካንና ሴሉሎስ ነው። በነገራችን ላይ፣ የዚህ ወገን አባላት መላመዱንም ያውቁበታል። ሜታላክሲል የሚባለው የሰብል መድኃኒት በ1970ዎቹ መጨረሻ ገበያ ከገባ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1980 ገደማ የማይበገረው የድንች ዋግ መታየት ጀምሮ ነበር።

ታዲያ ለምን ዕፅዋት? የእኔ መልስ አጭር ነው። ከኦኦማይሲት ጋር ለረጅም ዘመን ሲታገሉ የኖሩት ዕፅዋት ናቸው። መከላከያ ኬሚካል ካለ እዚያ የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። መነሻም ነበረኝ። የጦስኝና የኦሬጋኖ ዘይት ውስጥ ያሉት ቲሞልና ካርቫክሮል ፒቲየም ኢንሲዲዮሰምን ላብራቶሪ ውስጥ እንደሚያግዱ የብራዚል ተመራማሪዎች አሳይተዋል። እኔ ጦስኝ፣ ቅርንፉድ፣ የሮማን ልጣጭ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይዤ ጀመርኩ።

ዝግጅቱን ቀላል አድርጎ የሚያስብ ሰው አለ። አይደለም። መጀመሪያ ተክሉን የዕፅዋት ባለሙያ አይቶ ስሙን ማረጋገጥ አለበት፤ ናሙናውም ተጭኖና ደርቆ ይቀመጣል። ከዚያ ጥላ ውስጥ ማድረቅ፣ መፍጨት፣ በኤታኖል መዘፍዘፍ፣ ማጥለል ይከተላል። ኤታኖሉን በሮታሪ ኢቫፖሬተር ከ40 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት ነው የማስወግደው። የቀረውን ዝልግልግ ነገር መዝኜ፣ በትንንሽ ቱቦ ከፋፍዬ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባለሁ። አንድ ቱቦ አንዴ ከቀለጠ ተመልሶ አይገባም።

ነጭ ሽንኩርት ለብቻው ሊወራለት ይገባል። አሊሲን የሚባለው ኃይለኛ ውህድ ሳይነካ የቆየው ሽንኩርት ውስጥ የለም። ሲቀጠቀጥ አንድ ኤንዛይም ይነሳና በደቂቃዎች ውስጥ ይሠራዋል። ቀድማችሁ ካሞቃችሁት ኤንዛይሙ ይሞታል፤ አሊሲንም አይኖርም። ከተሠራ በኋላም ቶሎ ይፈርሳል። «ነጭ ሽንኩርት ፈተንኩ» የሚል ሰው ሳገኝ አሁን የመጀመሪያ ጥያቄዬ እንዴት እንዳዘጋጀው ነው።

ዋናው ፈተና ሁለት መልክ ነበረው። አንደኛው ክሩን ራሱን መፈተን ነው። ጭምቁን ለዘብ ካለ የቀለጠ አጋር ጋር ቀላቅዬ ሳህን ላይ አፈሳለሁ። ሲረጋ መሀሉ ላይ ከፒቲየሙ የተቆረጠ ትንሽ ክብ አስቀምጣለሁ። 37 ዲግሪ ላይ አቆይቼ ዕድገቱን በሁለት አቅጣጫ በማስመሪያ እለካለሁ። ጭምቅ የጠጣ ወረቀት አጋር ላይ አስቀምጦ በዙሪያው የሚታየውን ክብ ባዶ ቦታ መለካትን ቶሎ ነው የተውኩት። ዘይታማ ውህዶች አጋር ውስጥ በደንብ አይሰራጩም። ጥሩው ጭምቅ ደካማ መስሎ ይታያችኋል።

ሁለተኛው ዙኦስፖሩን መፈተን ነው። ዙኦስፖር ማለት በውኃ ውስጥ የሚዋኘው ዘር ነው። በሽታው ከረጋ ውኃ ወደ ሰውና እንስሳ የሚሻገረው በእሱ ነው። እሱን ለማግኘት የተቀቀለ የሣር ቅጠል ከፒቲየሙ ጋር ሳህን ላይ አኑሬ ክሩ ቅጠሉን እስኪይዝ እጠብቃለሁ። ከዚያ ቅጠሉን የተመጠነ ጨው ወዳለበት ውኃ አዛውራለሁ። ከሰዓታት በኋላ ክሩ ጫፍ ላይ ስስ ፊኛ ይወጣል። ውስጡ መተራመስ ይጀምራል። ፊኛው ሲቀደድ ኩላሊት የሚመስሉ ዘሮች ባለ ሁለት ጭራ ሆነው ይበተናሉ። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ከማይክሮስኮፑ መነሳት አቃተኝ። ይህ ሁሉ ጉዳት የሚያደርስ ነገር ሲዋኝ እንዲህ ያምራል።

ዙኦስፖር ግን ቁጡ ነው። ቱቦውን በኃይል ከናጣችሁት ጭራውን ይጥልና ድቡልቡል ሆኖ ይቆማል። ያኔ ጭምቁ አቆመው ብላችሁ ልትጽፉ ነው፤ ያቆመው ግን እጃችሁ ነው። ሰፊ አፍ ባለው ፒፔት ቀስ ብሎ መሳብ፣ ጭምቅ ያልገባበትንም እኩል መንካት ግድ ነው።

ከዚህ ሥራ የያዝኩት ትልቁ ትምህርት ይሄው ነው። መጥፎ ውጤት እንደ ጥሩው አያታልልም። ጥሩው ውጤት ነው መመርመር ያለበት።

የመጀመሪያዎቹ ሳህኖች ሲወጡ የሮማን ልጣጩ ምንም ክር አላስወጣም ነበር። ሳህኑን ይዤ ወደ አማካሪዬ ሮጥኩ። እሳቸው ሳህኑን ከፍ አድርገው በብርሃን አዩትና፣ «ይሄ ደለል ምንድን ነው?» አሉኝ። አጋሩ ውስጥ ቡናማ ብናኝ ነበር። «እስቲ ታኒኑን አውጪና ድገሚው፤ ከዚያ እናወራለን።» የሮማን ልጣጭ ታኒን ሞልቶታል። ታኒን ደግሞ ፕሮቲን ሲያገኝ ይጣበቅበትና ያረጋዋል። ቆዳ የሚለፋውም በዚሁ ባሕርዩ ነው። ሳህኑ ውስጥ ያለው ምግብ ፕሮቲን አለበት። ስለዚህ ፒቲየሙ ተመርዞ ነው ወይስ ተርቦ? ታኒን የሚይዝ ዱቄት አለ፤ ጭምቁን በእሱ አጣርቼ ደገምኩት። ክሩ ደህና አድርጎ አደገ። ያዘንኩትን ያህል ተደስቻለሁ ማለት እችላለሁ። ያ ጥያቄ ባይነሳ ኖሮ የቀረው ሥራ ሁሉ በብናኝ ላይ የተገነባ ይሆን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ጥሩ ውጤት ባላንጣ፣ ማለትም ማነጻጸሪያ አዘጋጅለታለሁ። ጭምቁን ያሟሟሁበት ዲኤምኤስኦ የሚባል ፈሳሽ ብቻውን የገባበት ሳህን አለ፤ መጠኑም ጭምቁ ካለበት ጋር እኩል ነው፣ ከ1 በመቶ አይበልጥም። ምንም ያልገባበት አለ። ጭምቁ ገብቶ ፒቲየም የሌለበት አለ። ይሄ የመጨረሻው ትርፍ ሥራ ይመስላል። ግን ሬዛዙሪን የሚባለውን ቀለም ለሚጠቀም ሰው ነፍስ አድን ነው። ሬዛዙሪን ሕይወት ያለው ነገር ሲያገኝ ከሰማያዊ ወደ ሮዝ ይቀየራል። አንዳንድ ጭምቅ ግን ምንም ሕይወት ሳይኖርበት በራሱ ይቀይረዋል። የጭምቁ አሲድነትም መለካት አለበት። አሲዱ ብቻውን ዕድገት ሊገታ ይችላል።

የጦስኝና የቅርንፉድ ዘይት ሌላ ዓይነት አመል አላቸው። ይተናሉ። ባለ 96 ጉድጓድ ሳህን ላይ ዘይት ካለበት ጉድጓድ አጠገብ ያለው፣ ምንም ያልገባበት ጉድጓድም እንደደነዘዘ አየሁ። ጠረኑ ተሻግሮ ነው። ሳህኑን በማጣበቂያ ሽፋን ማሸግ፣ ማነጻጸሪያውንም ራቅ አድርጎ፣ ቢቻል በሌላ ሳህን ላይ ማድረግ ይሻላል። ዘይትና ውኃ ስለማይዋሃዱም ትንሽ ትዊን 80 የሚባል ማዋሃጃ ያስፈልጋል። እሱም የራሱ ማነጻጸሪያ ይኖረዋል።

ቀጣዩ ጥያቄ ገደለው ወይስ አስተኛው የሚለው ነው። ያላደገውን ቁራጭ አንስቼ፣ አጥቤ፣ ንጹሕ አጋር ላይ አስቀምጠዋለሁ። የዝንጅብሉ ሲታገስ ቆይቶ ክሩን መልሶ አወጣ። ጭምቁ ሲነሳለት ነቃ ማለት ነው። የጦስኝ ዘይት በከፍተኛ መጠን የነካው ግን አልተመለሰም። የመከላከል አቅሙ ለደከመ ሕመምተኛ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ማስተኛት ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ አለ።

በአንድ ናሙና ብቻ መደምደምም አይቻልም። ፒቲየም ኢንሲዲዮሰም በዘረመሉ ቢያንስ በ3 ጎራ ይከፈላል። አንዱን ያቆመ ጭምቅ ሌላውን ላያቆም ይችላል። እኔ ከሰውም ከእንስሳም የተገኙትን እያፈራረቅሁ ነው የምሠራው። ድግግሞሹ ያሰለቻል፤ ሆኖም የምተማመንበት ቁጥር የሚወጣው ከዚያ ነው።

ከሁሉም የከበደኝ የመርዛማነት ፈተናው ነበር። የሰው ሴል በጭምቁ ውስጥ አስቀምጣችሁ ስንቱ እንደተረፈ ትለካላችሁ። የሴሎቹን ግማሽ የሚገድለውን መጠን ተሕዋሱን ለሚያቆመው መጠን ታካፍሉታላችሁ። ውጤቱ 1 አካባቢ ከሆነ በእጃችሁ ያለው ማንንም የሚገድል ነገር እንጂ መድኃኒት አይደለም። የቅርንፉዱ ዘይት እዚህ ላይ ወደቀ። ፒቲየሙን በደንብ ያቆማል፤ ሴሎቹንም አይምርም። ይህን ፈተና ወደ መጨረሻ የሚገፉት ብዙ ናቸው። እኔ አሁን ወደ መጀመሪያ አምጥቼዋለሁ። ተስፋ የሌለውን ጭምቅ ስንት ወር ከማባበል ይሻላል።

ይህን የምለው ሌላም ምክንያት ስላለኝ ነው። የታመመ ሰው ተስፋ ሲያጣ «ጦስኝ ገደለው» የሚለውን ወሬ ይዞ ዘይቱን ዓይኑ ላይ ሊያንጠባጥብ ይችላል። እባካችሁ፣ በምንም ምክንያት እንዳታደርጉት። ያልተበረዘ ዘይት ዓይን ያቃጥላል። ሳህን ላይ የቆመ ክርና የተፈወሰ ዓይን በጣም ይራራቃሉ። ፒቲዮሲስ፣ ማለትም ፒቲየም የሚያመጣው በሽታ ከተጠረጠረ ቶሎ ሐኪም ዘንድ መድረስ ነው። ኦኦማይሲት መሆኑን በዘረመል ምርመራ መለየት ይቻላል፤ ለዓይኑም ሐኪሞች እንደ አዚትሮማይሲንና ሊኔዞሊድ ያሉ የባክቴሪያ መድኃኒቶችን ይሞክራሉ። የተሕዋሱን ፕሮቲን መሥራት የሚያውኩ ናቸው።

እኔም ዛሬ ጭምቁ ብቻውን መድኃኒት ይሆናል ብዬ አልጠብቅም። የምፈልገው ለሌላ መድኃኒት ደጋፊ የሚሆን ነው። ቲሞልን ከአዚትሮማይሲን ጋር በአንድ ሳህን ላይ፣ አንዱን በአግድም ሌላውን በቁልቁል እያቀጠንኩ እፈትናለሁ። ሁለቱም ሲገናኙ ከእያንዳንዱ የሚያስፈልገው መጠን፣ ብቻውን ሲሆን ለሚያስፈልገው መጠን ይካፈላል። የሁለቱ ድምር ውጤት 0.5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ተደጋገፉ ይባላል። ከ4 በላይ ከሄደ ደግሞ ተጣልተዋል። ተስፋዬ ያለው እዚህ ነው። የቲሞሉ መጠን ከወረደ ሰውን የመጉዳት አቅሙም አብሮ ይወርዳል።

አሁን ከሴል ፈተናው ያለፉትን ጥምረቶች ለይቼ ሌላ ላብራቶሪ በራሱ ናሙናና በራሱ እጅ እንዲደግማቸው ጭምቁን ከነአዘገጃጀቱ እያሸግሁ ነው። እዚያም ከቆመ ቀጣዩ ጥንቸል ላይ መሞከር ይሆናል። ፈቃዱን ለመጠየቅ ያዘጋጀሁት ወረቀት ላይ የሮማን ልጣጩንና የቅርንፉዱን ውድቀት ከነምክንያቱ አስገብቻለሁ፤ ሌላ ሰው ያንኑ መንገድ እንዳይደግመው።