ይግባኙ ያልታየበት መዝገብ

በሰሜን ቨርጂኒያ ለትልልቅ የመኖሪያ ሕንፃዎች የሌሊት እንግዳ ተቀባዮችን በሚያቀርብ አንድ ድርጅት የቅጥር ክፍል ውስጥ እሠራ በነበረበት ጊዜ፣ በ2022 በጁላይ ወር አንድ የአገሬ ሰው ለሥራ አመለከቱ። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የተጠጋ፣ በሱዳን የስደተኞች ካምፕ በኩል ወደ አሜሪካ የገቡና ለብዙ ዓመታት በመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይነት የሠሩ ሰው ነበሩ። ቃለ መጠይቁን ያደረግሁላቸው እኔ ነበርኩ፤ ረጋ ያለ አነጋገራቸውንና ከቀድሞ አሠሪያቸው ያመጡትን የምስክርነት ደብዳቤ ካየሁ በኋላ ለቦታው የሚስማሙ ሰው መሆናቸውን አልተጠራጠርኩም። ይሁን እንጂ የሌሊት እንግዳ ተቀባይ የነዋሪዎችን ቁልፍ የሚረከብ ሰው በመሆኑ፣ ከሕንፃዎቹ ባለቤቶች ጋር የገባነው ውል ባለፉት ሰባት ዓመታት ውስጥ በማናቸውም ወንጀል ጥፋተኛ የተባለ ሰው እንዳንመድብ ያስገድደን ነበር።

ሁላችንም ባክግራውንድ ቼክ የምንለውን የወንጀል ታሪክ ማጣሪያ የሚሠራልን ኩባንያ ሪፖርቱን በሁለተኛው ቀን ላከልኝ። አመልካቹ ከግዛቱ ዋና ከተማ ከሪችመንድ በስተደቡብ በሚገኝ አንድ የገጠር ካውንቲ (የግዛቱ ንዑስ አስተዳደር) በ2019 ‹ሬክለስ ድራይቪንግ› (በግድየለሽነት መንዳት) በተባለ ክስ፣ በክላስ 1 ሚስድሚነር፣ ማለትም ቀላል ከሚባሉት ወንጀሎች በከፍተኛው ደረጃ፣ ጥፋተኛ ተብለዋል ይላል። ብዙ ወገኖቻችን ይህን የትራፊክ ቅጣት ብቻ አድርገው ይወስዱታል፤ በቨርጂኒያ ሕግ ግን እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ የሚያስከትል ወንጀል ነው። እስከ 2020 አጋማሽ ድረስ በዚያ ግዛት በሰዓት ከ80 ማይል በላይ የነዳ ሰው፣ የመንገዱ ወሰን 70 ቢሆንም እንኳ፣ በዚሁ ወንጀል ይከሰስ ነበር፤ ወሰኑ ወደ 85 ከፍ ያለው ከጁላይ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ነው። አመልካቹ በአውራ ጎዳና 95 ላይ የተያዙት በ82 ማይል ሲነዱ ነበር። ከወሰኑ በ12 ማይል ብቻ በማለፋቸው ስማቸው ከወንጀለኛ ጋር ተጻፈ።

የመጀመሪያው ስህተቴ ሪፖርቱን እንደ መዝገቡ ራሱ አድርጌ መቀበሌ ነው። ይህ አስተሳሰብ ከአገር ቤት ይዤው የመጣሁት ይመስለኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ሲፈልግ ፌዴራል ፖሊስ ዘንድ ሄዶ አሻራ ይሰጣል፣ አንድ ወረቀት ይቀበላል፣ ያ ወረቀት የመጨረሻው ቃል ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ተራ አሠሪ ከፍቶ የሚያየው አንድ ማእከላዊ መዝገብ የለም። ኤፍ ቢ አይ የያዘው የአሻራ መዝገብ ለሕግ አስከባሪዎችና ሕግ በተለይ ለፈቀደላቸው መሥሪያ ቤቶች ነው፤ ግለሰብ የራሱን ታሪክ አሻራውን ልኮና 18 ዶላር ከፍሎ ማግኘት ይችላል፤ እኔ ግን የሌላ ሰው ልጠይቅበት አልችልም። የግዛቱ ፖሊስ በስም የሚያጣራበት ቅጽ አለው፤ እሱም ፊርማ በሚያረጋግጥ ኖተሪ ፊት መፈረም አለበት። ከእነዚህ ውጭ ያለው መረጃ ከ3,000 በላይ በሆኑ ካውንቲዎች ፍርድ ቤቶች ተበታትኖ ይገኛል። የማጣሪያ ኩባንያዎች ከእነዚህ ፍርድ ቤቶች በየጊዜው የሚሰበስቡትን መረጃ በአንድ ቋት ያከማቻሉ፤ ቋቱ ውስጥ የገባ ነገር በፍርድ ቤቱ ቢለወጥ ለውጡ ወዲያው ላይከተለው ይችላል።

በ1970 የወጣው የፌዴራል ሕግ አሠሪ በእንዲህ ያለ ሪፖርት ምክንያት ሰውን ከመከልከሉ በፊት የሪፖርቱን ቅጂና የመብቱን ማብራሪያ እንዲሰጠው ያዝዛል። የእኛም ቢሮ እንደ ብዙዎቹ አሠሪዎች አምስት የሥራ ቀን ይጠብቃል። ደብዳቤውን ላክሁላቸው፤ በሦስተኛው ቀን ሰውየው ራሳቸው ቢሮ ድረስ መጡ።

«ልጄ፣ ይህ ነገር እኮ አልቋል» አሉኝ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው። «ዳኛው ፈረደብኝ፣ ይግባኝ አልሁ፣ በይግባኙ ተነሳልኝ። ቀላል ቅጣት ነው የከፈልኩት።»

«ጋሼ፣ የፍርዱ ወረቀት እጅዎ ላይ አለ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ቤት ስቀይር ጠፋብኝ። ግን እነሱ ዘንድ ይኖራል፣ ፍርድ ቤት ወረቀት ይጥላል እንዴ?»

እንደማጣራላቸው ቃል ገባሁላቸው፤ ወዲያውም በፍርድ ቤቶቹ ድረ ገጽ ላይ ፍለጋ ጀመርኩ። በቨርጂኒያ ቀላል ወንጀሎችና የትራፊክ ክሶች መጀመሪያ የሚታዩት ጄኔራል ዲስትሪክት በሚባለው ፍርድ ቤት ነው፤ ከባድ ወንጀሎችና ከታች የሚመጡ ይግባኞች ደግሞ በሰርኪዩት ፍርድ ቤት ይታያሉ። የሁለቱ መዝገብ ለየብቻ ነው። ታችኛውን ሪፖርቱ ነግሮኛል ብዬ አልፌው፣ የካውንቲውን ሰርኪዩት ፍርድ ቤት ብቻ መርጬ፣ በመንጃ ፈቃዳቸው ላይ የተጻፈውን ስም እንዳለ አስገባሁ። ምንም አልመጣም። አንድ ጊዜ ደገምኩት፣ አሁንም ምንም የለም። በፋይላቸው ላይ «የይግባኝ መዝገብ የለም» ብዬ ጻፍኩና የመከልከያውን ደብዳቤ ማርቀቅ ጀመርኩ። ያንን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ እጄ አለመንቀጥቀጡ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል፤ የአንድን ሽማግሌ ቃል በሁለት ደቂቃ ፍለጋ ሐሰት አድርጌዋለሁና።

ረቂቁን ለአለቃዬ አቀረብኩላት። ቀድሞ በጠበቃ ቢሮ ትሠራ የነበረች ሴት ናት። አነበበችውና «አላገኘሁም ማለትህ ነው ወይስ የለም ማለትህ?» አለችኝ። ዝም አልኩ። «ታችኛው ፍርድ ቤት ያለውን ዋናውን መዝገብ ከፍተኸዋል? ስሙን ስንት ዓይነት አድርገህ ፈለግህ?» አለች ቀጥላ። ሁለቱንም አላደረግሁም ነበር። ወደ ካውንቲው ስልክ ስደውል ያነጋገረችኝ ሠራተኛ በስልክ የስም ፍለጋ እንደማይሠሩ፣ ለሕዝብ የተከፈተው ኮምፒውተር ግን በሥራ ሰዓት ሁሉ ክፍት እንደሆነ ነገረችኝ። በማግሥቱ ማለዳ ተነሥቼ ወደዚያው ነዳሁ።

ለማያውቅ ሰው በቨርጂኒያ የትኛው ፍርድ ቤት መሄድ እንዳለበት ማወቅ ራሱ ሥራ ነው። ግዛቱ 95 ካውንቲዎችና ከማናቸውም ካውንቲ ውጭ የሆኑ 38 ከተሞች አሉት። ቻርለትስቪል ዙሪያዋን በአልበማርል ካውንቲ የተከበበች ብትሆንም የካውንቲው አካል አይደለችም፤ የካውንቲው ፍርድ ቤት ግን የሚገኘው እዚያችው ከተማ መሐል ነው። ስለዚህ «ቻርለትስቪል ተከስሼ ነበር» የሚል ሰው ክሱ ከሁለቱ በአንደኛው ሊሆን ይችላል፣ አንዱን ብቻ የፈለገ ሰውም ባዶ እጁን ይመለሳል። ደግነቱ የእኔው ካውንቲ እንዲህ ያለ ውስብስብ ነገር አልነበረበትም። ጡብ ፍርድ ቤት፣ ፊት ለፊቱ ሣር፣ ከጎኑ የሸሪፉ ቢሮ፤ ከዚያ ወዲያ የኦቾሎኒና የጥጥ እርሻ ነው።

መጀመሪያ የገባሁት ወደ ጄኔራል ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ክለርክ ቢሮ ነው፤ በእኛ አገር ሬጅስትራር የምንለው ነው። በሪፖርቱ ላይ ያለውን የመዝገብ ቁጥር ለሠራተኛዋ ሰጠኋት፤ ቁጥሩ ‹ጂቲ› በሚሉ ፊደላት ይጀምራል፣ የትራፊክ መዝገብ መሆኑን ያሳያል። ሴትዮዋ ማያ ገጹን ወደ እኔ አዞረችልኝ። «ጥፋተኛ» ከሚለው ቃል ጥቂት መስመሮች ዝቅ ብሎ ይግባኝ የተጠየቀበት ቀን ተጽፏል፤ ከፍርዱ ስድስት ቀን በኋላ ነው። የሕጉ ቀነ ገደብ 10 ቀን ስለሆነ በጊዜው የቀረበ ይግባኝ ነበር። «ፋይሉ እኛ ዘንድ የለም፤ ያን ጊዜውኑ ወደ ሰርኪዩት ተልኳል» አለችኝ። ያ ቀን በድረ ገጹም ላይ ይታይ ነበር፤ ገጹን ከፍቼ ባየው ኖሮ ያን ሁሉ መንገድ ከመሄዴ በፊት ሰውየው እውነታቸውን እንደሆነ አውቅ ነበር።

ይህ ቀን የሚያስከትለው ነገር ከባድ ነው። በቨርጂኒያ ከጄኔራል ዲስትሪክት ይግባኝ ሲጠየቅ የላይኛው ፍርድ ቤት የታችኛውን ዳኛ ስህተት እየፈለገ አይመረምርም፤ ክሱን እንደ አዲስ ከመጀመሪያው ይሰማዋል። ይግባኝ ባዩ ይግባኙን መልሶ እስካልተወው ድረስ የታችኛው ፍርድ ቤት የጥፋተኝነት ፍርድ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ስለዚህ የማጣሪያ ኩባንያው ጥፋተኛ ብሎ የላከልኝ በሕግ ፊት የሌለ ፍርድ ነበር።

ወደ ሰርኪዩት ፍርድ ቤቱ ክለርክ ቢሮ ተሻግሬ ለሕዝብ በተከፈተው ኮምፒውተር ተቀመጥኩ። እንደገና በመንጃ ፈቃዳቸው ስም ፈለግሁ፣ እንደገና ባዶ። ከዚያ የአለቃዬ ጥያቄ ትዝ አለኝ። የእኚህ ሰው የአባት ስም ‹ገብረ መድኅንን› የመሰለ ጥምር ስም ነው። በታችኛው ፍርድ ቤት እንደ አንድ ቃል ተጽፏል። ከሁለት ቢከፈል የፊተኛው ክፍል መካከለኛ ስም ሆኖ፣ የኋለኛው ብቻ የቤተሰብ ስም ሆኖ ይቀመጣል ማለት ነው። የኋለኛውን ቃል ብቻ አስገብቼ ስፈልግ በ‹ሲአር› ፊደላት የሚጀምር አንድ መዝገብ መጣ፤ ክሱ ሬክለስ ድራይቪንግ፣ የተያዙበት ቀንም ያው ነው።

የልደት ቀኑ ሊረዳኝ አልቻለም። ግዛቱ በድረ ገጹ ላይ የልደት ወሩንና ቀኑን ብቻ አሳይቶ ዓመቱን ይሸፍናል፤ ለአብዛኛው ሰው ይህ በቂ መለያ ነው። ነገር ግን በስደተኛ ካምፕ በኩል ከመጡ ወገኖቻችን ብዙዎቹ በሰነዳቸው ላይ የተጻፈላቸው ልደት ጃንዋሪ 1 ነው፣ የእኚህም ሰው እንዲሁ። ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሁለት ኢትዮጵያውያን ሁለቱም ጃንዋሪ 1 ተወለዱ ቢባሉ ማያ ገጹ አንድ ሰው ያደርጋቸዋል። ሌሎቹ ደግሞ ልደታቸውን በእኛ ዘመን አቆጣጠር የጻፉ ናቸው፤ 1962 ተብሎ የተመዘገበው በፈረንጆቹ 1970 ይሆንና የአንድ ሰው ሁለት ወረቀቶች ስምንት ዓመት ይራራቃሉ። ስለዚህ ፋይሉ ራሱ እንዲወጣልኝ ጠየቅሁ። ክለርኩ ከኋላ ካለው ክፍል ቀጭን የወረቀት ማቀፊያ ይዞልኝ መጣ፤ ፖሊሱ መንገድ ላይ የጻፈው መጥሪያ ከነመኖሪያ አድራሻው ነበረበት። አድራሻው በማመልከቻው ላይ ካለው የቀድሞ አድራሻ ጋር አንድ ነው።

በመጨረሻው ገጽ ላይ የዳኛው ትእዛዝ ነበር። በፌብሯሪ 2020 ክሱ ወደ ‹ኢምፕሮፐር ድራይቪንግ› (ተገቢ ያልሆነ አነዳድ) ዝቅ ተደርጎ መቀጮ ተከፍሏል። ይህ በቨርጂኒያ ሕግ ከ500 ዶላር የማይበልጥ መቀጮ ያለው የትራፊክ ደንብ መተላለፍ ነው፤ ወንጀል አይደለም። ሦስት ገጽ ቅጂ እያንዳንዱ በ50 ሳንቲም፣ የማኅተም ማረጋገጫ 2 ዶላር፣ በድምሩ 3 ዶላር ከ50 ከፈልሁ።

መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ደወልኩላቸው። «ጋሼ፣ አግኝቼዋለሁ፤ እንዳሉኝ ነው» ስላቸው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «እኔ እኮ የፈራሁት ሥራውን አልነበረም፤ ዋሸ ትላለህ ብዬ ነው» አሉኝ። በፋይላቸው ላይ የጻፍሁትን ዓረፍተ ነገር በዚያው ሰዓት ልነግራቸው አልቻልኩም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ቢሮ ሲመጡ ግን አሳይቼ ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

የማጣሪያ ኩባንያውን በተመለከተ፣ ሕጉ አቤቱታ የቀረበበትን መረጃ በ30 ቀን ውስጥ እንደገና እንዲያጣራ ያስገድደዋል። አቤቱታው በሰውየው ስም መቅረብ ስላለበት ደብዳቤውን አብረን ጽፈን ማኅተም ያለበትን ቅጂ አያያዝነው፤ ጊዜው ሳይሞላ የታረመው ሪፖርት ደረሰ። እኛ ግን ያንን አልጠበቅንም፤ ማኅተም ያለበት የፍርድ ቤት ወረቀት እጃችን ላይ ስለነበር አለቃዬ ቅጥሩን ወዲያው አጸደቀችው።

ከዚያ በኋላ የማመልከቻ ቅጻችን ላይ አንድ መስመር እንዲጨመር ጠየቅሁ፤ አመልካቹ ስሙ በፓስፖርት፣ በመንጃ ፈቃድና በሌላ በማናቸውም ወረቀት ላይ የተጻፈበትን መልክ ሁሉ እንዲዘረዝር። እኔ ራሴም የኢትዮጵያዊ ስም ስፈልግ ጥምሩን አንድ ጊዜ አጣብቄ፣ አንድ ጊዜ ለያይቼ፣ የራስንና የአባትን ስም ቦታ አቀያይሬ፣ ‹ፀሐይን› የመሰለ ስም ሲሆን በ‹ቲ›ም በ‹ኤስ›ም ጀምሬ እፈልጋለሁ። ካጣሁ «በዚህ ፍርድ ቤት፣ በዚህ ቀን፣ በእነዚህ ስሞች ፈልጌ አላገኘሁም» ብዬ እጽፋለሁ። ለጋሼ ማኅተም ካለበት ወረቀት አንድ ቅጂ ሰጥቻቸዋለሁ፤ በፕላስቲክ አስለብሰው ከዜግነት ወረቀታቸው ጋር እንዳስቀመጡት ነግረውኛል።