«ስንት ሲሆን ይበቃሃል?» ሁለተኛውን ሱቅ የዘጋሁበት መንገድ

በ2015 ዓ.ም. ሁዳዴ፣ አንድ ረቡዕ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ መገናኛ ያለው ሁለተኛው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቃችን ውስጥ ቆሜ ራሴን ጠየቅሁ፦ እስካሁን እህል ያልቀመስኩት ጾሜ ነው ወይስ ጊዜ አጥቼ? መልሱን አላውቀውም። ጠዋት ኮልፌ ያለውን ሱቅ ከፍቼ፣ በታክሲ ተጋፍቼ መገናኛ ደርሼ፣ ከመርካቶ ደብተር ከሚያስጭንልኝ ልጅ ጋር በስልክ ስጨቃጨቅ ነበር የዋልኩት።

ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው የሚያጽናኑኝ መስሎኝ ነበር። «ልጄ፣ አልጾምክም፤ ተርበህ ነው የዋልከው» አሉኝ። ትንሽ ዝም ብለው ደግሞ «ለመሆኑ ስንት ሲሆን ይበቃሃል?» አሉ። ነጋዴ ነኝ፣ ቁጥር አይቸግረኝም። የዚያን ቀን ግን ቸገረኝ።

በሁለቱም ሱቆች ከካሽ ሬጅስተሩ በላይ «ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ» የሚል ጥቅስ ለጥፌ ነበር። መገናኛን ስንከፍት እሱን እያየሁ ነው፤ ሦስተኛውን ሳስብም እሱን። ፊልጵስዩስ ምዕራፍ 4ን ከላይ ጀምሬ ሳነበው ግን፣ ሁለት ቁጥር ከፍ ብሎ «የምኖርበት ኑሮ ይበቃኛል ማለትን ተምሬአለሁና» ይላል። ጳውሎስ ይህን የጻፈው ታስሮ ሳለ ነው። «ሁሉን እችላለሁ» ያለውም መጥገቡንና መራቡን፣ መብዛቱንና መጉደሉን ነው፤ ቅርንጫፍ መክፈትን አይደለም። ይበልጥ የያዘችኝ «ተምሬአለሁ» የምትለዋ ናት። ለሐዋርያው እንኳን ትምህርት ያስፈለገው ነገር ለእኔ በአንድ ጸሎት ይመጣል ብዬ መጠበቄ ይገርመኛል።

ማታ ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን የሚበቃንን በወረቀት ጻፍን፤ የቤት ኪራይ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ አስቤዛ፣ አሥራት፣ ለእናቴ የምልከው፣ ትንሽ መጠባበቂያ። ደመርነው። የኮልፌው ሱቅ ብቻውን ይሸፍነዋል፣ ጥቂትም ይተርፋል። ታዲያ መገናኛ ለምን ነበር? ሦስተኛውን ለመክፈት። ሦስተኛውስ? ባለቤቴ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ቀላል ነበር። የትልቁ ዕቁብ ዕጣ ቀደም ብሎ ደርሶኝ ስለነበር እስከ መጨረሻው ከፈልኩ፣ ሌላ ዙር አልገባሁም። ዕቃውን በመጣበት ዋጋ ሸጥኩ። ለሠራተኛችን የሦስት ወር ደመወዝ ሰጠኋት። ሰኔ 30 ቀን ቆልፌ ቁልፉን ለአከራዩ አስረከብኩና በሰላም ተኛሁ።

ያ ሰላም አምስት ወር ቆየ። ታኅሣሥ መግቢያ ላይ፣ ያለ ቅጣት የማደሻው ጊዜ ታኅሣሥ 30 ሳያልቅ የንግድ ፈቃዱን ልመልስ ሄድኩ። ፈቃዱ በባለቤቴ ስም ስለነበር መጀመሪያ ውክልና አምጣ ተባልኩ። ይሁን። ውክልናውን ይዤ ስመለስ ደግሞ ከግብር ቢሮ ክሊራንስ፣ ማለትም ዕዳ የለባችሁም የሚል ወረቀት፣ አምጣ ተባልኩ። ይሁን። ግብር ቢሮ መስኮት 4 ላይ ያለችው ልጅ ቲን ቁጥሩን ስታስገባ ነው ነገሩ የተበላሸው።

«ከሐምሌ ወዲህ ቫት አላሳወቃችሁም።»

«ሱቁ እኮ ተዘግቷል።»

«ጋሼ፣ መዝጋት ማለት በር መቆለፍ መሰለዎት?»

አዎ፣ መስሎኝ ነበር! ሽያጭ ባይኖርም ከቫት ምዝገባ እስካልተሰረዝን ድረስ በየጊዜው ባዶውን ማሳወቅ ነበረብን። ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም፣ ጥቅምት፤ አንድ እርሳስ ያልሸጥንባቸው ወራት፣ ከነቅጣታቸው። ዕቃ ሸጬ ከስሬ አውቃለሁ፤ ምንም ሳልሸጥ የከሰርኩት ግን ያኔ ብቻ ነው። የሚያንገበግበኝ ደግሞ በጥቅምት የዓመቱን የትርፍ ግብር እዚያው ሕንፃ ውስጥ ከፍለን ነበር። ሱቁን መዝጋታችንን ነግሬው ወረቀቱን የተቀበለኝ ሰው ስለ ቫቱ ትንፍሽ አላለም። «መልካም ዕረፍት» ነው ያለኝ።

«ማሽኑስ?» አለች ልጅቷ። ካሽ ሬጅስተሩ አልጋ ሥር ነበር። ባለሙያ ከፍቶ ሚሞሪውን ሳያነብ ከመዝገብ አይሰረዝም። ባለሙያው ለሁለት ሳምንት ቀጠረኝ። ከዚያ ሲስተም ጠፋ። ከዚያ የሚፈርሙት ኃላፊ ስብሰባ ገቡ፤ በማግስቱም እዚያው ስብሰባ ላይ ናቸው። ከዚያ ፋይሉ ራሱ ጠፋና ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ስለ እኛ ጉዳይ ምንም ከማያውቅ ሰው ጠረጴዛ ላይ፣ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦበት ተገኘ። ታኅሣሥ 30 በዚህ መሃል አለፈ። 11 ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ ቆጥሬዋለሁ። በር ላይ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ «በሦስት ቀን አስጨርስልሃለሁ» ብሎኝ ነበር። አልከፈልኩትም። ጽድቅ አታድርጉልኝ፤ ቅጣቱ ኪሴን አራቁቶት ስለነበር ነው።

ከእነሱ ይልቅ በራሴ ነው የምናደደው። ስድስተኛው ቀን መሰለኝ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ወረፋ ስጠብቅ እጄ ላይ ያለውን የማመልከቻ ቅጂ ገልብጬ ጀርባው ላይ አሰላ ጀመር። ቅጣቱን ለማካካስ ለመስከረም ደብተር የምሸጥበት ትንሽ ኮንቴይነር ብከራይ፣ ይህን ያህል ደርዘን፣ ይህን ያህል ትርፍ... ባለቤቴ ያን ቀን አብራኝ ነበረች። ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ አየችው። «አንተ፣ አንዱን ልንዘጋ ተሰልፈን ሌላ እየከፈትክ ነው?» አለችኝ። አጠገባችን የተቀመጡት ሰውዬ ሰምተው ፊታቸውን አዞሩ።

ይህንንም ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ስብከት ጠብቄ ነበር። «ያ የደመራችሁበት ወረቀት የት አለ?» ብቻ አሉ። ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። «ኪስህ ይግባ» አሉኝ።

ስለዚህ እንደኔ ሊያደርግ የሚያስብ ካለ፣ ግብር ቢሮ ያሉት ሠራተኞች «መጀመሪያ ሥራውን አቁሙ፣ ከዚያ አመልክቱ» ይላሉ፤ አትስሟቸው። ገና ዕቃው ሳያልቅ ጀምሩት፤ የመዝጊያው ደብዳቤ እጃችሁ እስኪገባ ባዶውንም ቢሆን በየጊዜው አሳውቁ፣ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂም አትጣሉ። «ጸልይና ተወው» ለሚላችሁም እንዲሁ ጆሮ አትስጡ። እኔ ብዙ ዓመት ጸልዬ ነበር፤ ቁጥሩን እስክጽፍ ድረስ ግን ጸሎቴ ራሱ «ጨምርልኝ» ነበር። ምሳሌ 30 ላይ ሰውየው ድህነትንም ባለጠግነትንም አትስጠኝ ብሎ የሚያስፈልገውን እንጀራ ይለምናል፤ ልኩን የሚያውቅ ሰው ልመና ነው። ሌላው፣ ለዘመድ አታውሩ። ከስሯል ተብሎ ተወርቶብኝ ወንድሜ ብድር ሊሰጠኝ ድረስ ቤት መጥቷል። እውነቱን ለመናገር ቅጣቱን ሳስብ ልቀበለው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ደብዳቤው የወጣው መጋቢት 2016 ነው፣ ሁዳዴ ገብቶ። ከቢሮው ስወጣ 9 ሰዓት ሊሞላ ነበር፤ ርቦኛል፣ ይህኛው ግን ጾም መሆኑን አውቀዋለሁ። ወደ ታክሲው ስሄድ ጥግ ላይ፣ ፊቱ ለትምህርት ቤት የሆነ ጥሩ ሱቅ ተዘግቶ በሩ ላይ «የሚከራይ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ቆምኩ። ስልክ ቁጥሩን አነበብኩት፣ ኪሴ ውስጥ ያለችውን ወረቀት ዳሰስኩ፣ ሄድኩ። አልደወልኩም። ቁጥሩን ግን እስከ ዛሬ በቃሌ ነው የምይዘው።