ከገፈርሳ እስከ ሱባ ደን፦ ደንደስ የሌላቸውን ፍለጋ

ጥቅምት ሲገባ ከቡራዩ ወጥቶ የአምቦን መንገድ መያዝ ደንደስ፣ ማለትም የጀርባ አጥንት፣ የሌላቸውን እንስሳት ለመፈለግ ደህና ወቅት ነው። ዝናቡ አባርቷል፣ መሬቱ ግን ገና እርጥብ ነው፤ ትሉም ቀንድ አውጣውም ወደ ጥልቁ አልሸሸም። የያዝነው ዕቃ ጥቂት ነው፦ ነጭ ሳህን፣ ወንፊት፣ 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር፣ ክዳናቸው የሚገጥም ብልቃጦች፣ ከፋርማሲ የተገዛ 70 በመቶ አልኮል፣ እርሳስ፣ አንድ ጠርሙስ አምቦ ውሃና የተፈጨ ሰናፍጭ።

መጀመሪያ የቆምነው ገፈርሳ ነው። ግድቡ የአዲስ አበባ ሕዝብ የሚጠጣው ውሃ ስለሆነ አልነካነውም፤ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ከብት የሚጠጣበትን ረግረግ መረጥን። ወንፊቱን በሳሩ ሥር ሰደድ አድርጎ ሳህኑ ላይ መገልበጥ፣ ከዚያ ሳይነካኩ ሁለት ደቂቃ መታገሥ ነው። ጭቃው ሲረጋ ሕይወት ያለው ሁሉ ራሱን ያሳያል። ቀንድ አውጣ ሲገኝ ሾጣጣውን ጫፍ ወደ ላይ፣ አፉን ወደ እኛ አዙረን እንይዘዋለን። የቅርፊቱ አፍ በቀኝ ነው ወይስ በግራ? ይህ አንድ ጥያቄ ወገኖችን ይለያል። ጭቃው ዳር የሚገኘው፣ አፉ በቀኝ የሆነው፣ ቁመቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር እምብዛም የማያልፈው የሊምኒያ ወገን ለበግ አርቢ ዋናው ነው፤ የጉበት ትል እጭ የሚባዛው በዚህ ቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ነውና። እጩ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ሳር ላይ ይጣበቃል፣ በጉም ከሳሩ ጋር ይግጠዋል። በጎችን ከረግረግ ሳር ማራቅ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

እዚያው አልቅት አገኘን። አልቅትን በቀጥታ አልኮል ውስጥ የጨመረ ሰው የሚተርፈው የተኮማተረ ጥቁር ድብልብል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጋዙ ያልወጣ አምቦ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ በውሃው ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያደነዝዘዋል። 20 ደቂቃ ገደማ ቆይቶ፣ ሲነኩት ዝም ካለ፣ እንደተዘረጋ ወደ አልኮሉ ይዛወራል። ሰውነቱ የሚነበበው ያን ጊዜ ነው፦ ከፊት አፉን የከበበ ትንሽ መጣበቂያ፣ ከኋላ ትልቅ መጣበቂያ፣ በመካከሉ ጥቅጥቅ ያሉ ቀለበቶች። ቀለበቶቹን ቆጥሮ የአካሉን ክፍሎች ቆጠርኩ የሚል ይሳሳታል። የውስጥ ክፍሎቹ 34 ብቻ ናቸው፤ ከላይ የሚታየው መስመር አንዱን ክፍል ደጋግሞ ይሸነሽነዋል። ከብት ጉሮሮ ውስጥ የሚገባው ዓይነት መንጋጋው ደካማ ስለሆነ ቆዳ አይበሳም፤ ስስ የሆነውን የአፍና የአፍንጫ ውስጥ የሚመርጠው ለዚህ ነው።

ከመናገሻ ወደ ሱባ ያለው ጥርጊያ መንገድ ያንገጫግጫል፤ ብልቃጥ ካልሞላ ናሙናው ይናጣልና አልኮሉን እስከ አፉ መሙላት ይበጃል። ስምና ቦታ በእርሳስ ጽፎ ወረቀቱን ብልቃጡ ውስጥ መክተት ነው፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል።

የሱባ ደን በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት የሚነገርለት ነው። ሰናፍጩ የሚፈለገው እዚህ ጥዱ ሥር ነው። ለ1 ሊትር ውሃ 10 ግራም ያህል በጥብጦ፣ ጥቂት አቆይቶ፣ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር በሆነ መሬት ላይ ቀስ ብሎ ማፍሰስ። ውሃው የፈላ መሆን የለበትም፤ ሰናፍጩን የሚያቃጥል የሚያደርገው ኢንዛይም በሙቀት ይበላሻል። ትሎቹ ቆዳቸው ሲለበልባቸው በ10 ደቂቃ ውስጥ ብቅ ይላሉ። ወዲያው በንጹሕ ውሃ ይታጠቡ፤ የሚተነፍሱት በቆዳቸው ነው።

የደረሰ የመሬት ትል ወደ ራሱ ቀረብ ብሎ እንደ መቀነት ያበጠ ቦታ አለው። ለመለየት ከራስ በኩል ጀምሮ መቀነቱ ስንተኛው ቀለበት ላይ እንደሚጀምር መቁጠር ነው። የትሉ አካል ወንዴም ሴቴም ነው፤ ሆኖም በአብዛኛው ብቻውን አይወልድም። ሁለት ትሎች ራስና ጅራት ተቃራኒ ሆነው ይጣበቁና ዘር ይለዋወጣሉ፣ ይለያያሉ። በኋላ መቀነቱ ዝልግልግ ቀለበት ያወጣል፤ ትሉ ወደ ኋላ እየተሳበ ሲወጣ ቀለበቱ በመጀመሪያ የራሱን እንቁላል፣ ቀጥሎ ያስቀመጠውን የሌላውን ዘር ይቀበላል፣ በትሉ ራስ በኩል ሾልኮ ይወድቅና ሁለት ጫፉ ይዘጋል። ምስር የምታህለው እሽግ በአፈሩ ውስጥ ትገኛለች። አልቅትም፣ ያየነው የረግረግ ቀንድ አውጣም፣ የጉበት ትልም እንዲሁ ፍናፍንት ናቸው። ቀርፋፋ እንስሳ ቢጤውን የሚያገኘው አልፎ አልፎ ነው፤ ሁለቱም ሁለቱንም ጾታ ከያዙ ያገኘው ሁሉ ተጣማሪው ይሆናል። በግንድ ልጥ ሥር ያሉት ጢንዚዛና ሸረሪት ግን ባለ መገጣጠሚያ እግር ናቸው፤ ሮጠው ይፈላለጋሉ፣ ወንዱና ሴቷም ለየብቻ ናቸው።

ከፍ ስንል ኮሶ ዛፍ ጀመረ። የእኛ ሰው ዛፉንም ትሉንም በአንድ ስም መጥራቱ በቂ ምክንያት አለው፤ የዛፉ አበባ የትሉ መድኃኒት ሆኖ ኖሯልና። ከጥሬ ሥጋ የሚመጣው የከብት ኮሶ አፍም አንጀትም የለውም፤ ምግቡን በቆዳው ይመጥጣል። የትሉ ራስ ከ2 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፣ 4 መጣበቂያ ያለው፣ መንጠቆ የሌለው ነው። ከኋላው ከ1,000 እስከ 2,000 ቁራጭ ይከተላል፣ እያንዳንዱ ሲጎለምስ የራሱ ወንዴና ሴቴ ብልት አለው፣ የበሰለ አንድ ቁራጭም እስከ 100,000 እንቁላል ይይዛል። መድኃኒት ተወስዶ ሜትር ሙሉ ትል ወጥቶ እንኳ ያቺ ራስ ከቀረች በ3 ወር ገደማ ቁራጮቹ መልሰው ይታያሉ። የኮሶ አበባ መጠኑ ሳይታወቅ ሲጠጣም ይጎዳል፤ ዛሬ በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ እንክብል አለ።

ዛፉ ግን እንደ ትሉ አይደለም። ወንዴውና ሴቴው የተለያየ ግንድ ላይ ናቸው። ከጥርጊያው ግራ የቆመው ዛፍ አበባው ፈዛዛ ሆኖ ተንጠልጥሏል፣ ወንዴ ነው። ከእርሱ በላይ ያለው ዘለላው ቀላ ብሎ ወፍሯል፤ ለመድኃኒት ሲለቀም የኖረው ይህ የሴቴዋ ነው።