የተበዳይ ድምፅና የቅጣት ሚዛን

ከዓመታት በፊት ሌሊት ቤቴ ተሰብሮ በተዘረፍሁ ሰሞን፣ ሌባው ቢያዝ ስንት ዓመት ይታሰር ተብዬ ብጠየቅ ኖሮ ያለማመንታት አሥር ዓመት እል ነበር። ከተወሰደብኝ ዕቃ ይበልጥ ያንገበገበኝ ከተኛሁበት አልጋ ሁለት እርምጃ ርቆ የታተመው ጭቃ የነካ የጫማ ዱካ ነበር፤ ወለሉ ታጥቦ እንኳ ለወራት ዓይኔ ከዚያ ቦታ አልተነቀለም። ጉዳዩ ለፍርድ ሲቀርብ ግን ሁለት ዓመት አልፎ ነበር፤ ከወንድሜ ልጅ በዕድሜ የማይበልጥ ወጣት አንገቱን ደፍቶ ችሎት ፊት ቆሞ ሳየው ቁጣዬ በረደ። በዚያች ቀን ብጠየቅ ልቀቁት ማለቴ አይቀርም። ሁለቱም ፍላጎት የእኔ ነው፣ ሁለቱም ከልቤ ነው፤ የተፈጸመው ጥፋት ግን አንድ ነው።

ተበዳይ የቅጣቱን መጠን መወሰን የለበትም ብዬ የማምነው ከዚህ ተነሥቼ ነው። አንድ ዓይነት ጥፋት ከፈጸሙ ሁለት ሰዎች አንዱ ቂመኛ ተበዳይ ስለገጠመው ብዙ ዘመን ታስሮ፣ ሌላው ሆደ ሰፊ ስለገጠመው ቢለቀቅ፣ ፍርድ ቀርቶ ዕጣ ይሆናል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1987 የሞት ቅጣት በሚያስከትሉ ጉዳዮች የሟች ቤተሰቦች ስለ ጉዳታቸው የሚሰጡት መግለጫ እንዳይቀርብ ሲከለክል ካሳሰቡት ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር፤ አንደበተ ርቱዕ ቤተሰብ ያለው ሟችና አልቃሽ የሌለው ሟች እኩል አይታዩም። እ.ኤ.አ. በ1991 ፍርድ ቤቱ ራሱ ይህን አቋሙን ሽሮ መግለጫው እንዲቀርብ ፈቀደ፤ ሥጋቱ ግን አብሮ አልተሻረም።

ይህን ስል ተበዳይ ዝም ይበል ማለቴ አይደለም። በወንጀል ክስ ከሳሹ መንግሥት በመሆኑ፣ ጉዳቱ የደረሰበት ሰው ምስክርነቱን ሰጥቶ ከወረደ በኋላ እንደ ባዕድ ይቆጠራል። እኔ የራሴን ጉዳይ ፍርድ የሰማሁት ከተሰጠ ከወራት በኋላ፣ ያውም ከጎረቤት ነው። ዳኛ የጥፋቱን ክብደት ለመለካት የደረሰውን ጉዳት ማየት ካለበት ደግሞ ጉዳቱን ከባለቤቱ አፍ መስማት ይገባዋል፤ የተሰበረ መስኮት በፖሊስ መዝገብ ይሰፍራል፣ የጠፋ እንቅልፍ ግን አይሰፍርም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1985 ያጸደቀው መግለጫም የተበዳዮች ሐሳብ የተከሳሹን መብት ሳይጎዳ እንዲሰማ ይጠይቃል። ልክ መስሎ የሚታየኝ የእንግሊዝና የዌልስ አሠራር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ተበዳይ ወንጀሉ በሕይወቱ ላይ ያመጣውን መናገር ይችላል፣ ስንት ዓመት ይፈረድበት የሚለው አስተያየቱ ግን ከግምት አይገባም። ዳኛም ሰው ነውና እንባ አይቶ ልቡ አይነካም አልልም።

ብዙ ጊዜ የማይነሣው፣ ቅጣትን የመወሰን ሥልጣን በራሱ በተበዳይ ላይ የሚያመጣው ጣጣ ነው። በባሏ የተደበደበች ሴት የቅጣቱ ቁልፍ በእጇ እንዳለ ከታወቀ፣ የባሏ ዘመዶች ደጇን ሲጠኑ፣ በልጆቿ ሲያስለምኑ፣ ሲብስም ሲያስፈራሩ ይከርማሉ፤ ቅጣቱ ከሕግ የሚመጣ ከሆነ ግን «በእኔ እጅ አይደለም» ብላ በሯን መዝጋት ትችላለች። በኢራን አሲድ ተደፍቶባት ዓይኗ የጠፋ ሴት የአጥፊው ዓይን እንዲጠፋ ተፈርዶላት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ቅጣቱ ሊፈጸም ሲል ይቅር ብላዋለች። ይቅርታዋን ከልቤ አደንቃለሁ፤ ያን ምርጫ በትከሻዋ ያሸከማትን ሕግ ግን አላደንቅም።

የሚከብደኝ ይኸው የይቅርታ ነገር ነው። ቁጣ ቅጣትን ማክበድ ከሌለበት ይቅርታስ ስለምን ያቀልለዋል? ይቅርታው ያለ ግፊት መሰጠቱን፣ አጥፊውም መካሱን ዳኛው አረጋግጦ እንደ አንድ ማቅለያ ምክንያት ቢይዘው አልቃወምም፤ ከዚህ በላይ ግን ልሄድ አልደፍርም።

ከሁሉ በፊት ተበዳይ ሊነፈገው የማይገባው መረጃ ነው፤ የቀጠሮውን ቀን፣ የተሰጠውን ፍርድ፣ አጥፊው በአመክሮ የሚወጣ ከሆነም የሚወጣበትን ቀን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ያ ወጣት መቼ እንደተፈታ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።