ተከታዮቻችሁ በእጃችሁ የሉም

ቪዲዮ ለምትሠሩ ሁሉ፣ በተለይ እንጀራችሁ ከሱ ለሆነ፣ አንድ ነገር በግልጽ ልንገራችሁ። ሰብስክራይበር፣ ፎሎወር እያላችሁ የምትቆጥሩት ሰው በእጃችሁ የለም። ስልኩን አታውቁት፣ ኢሜይሉን አታውቁት። መተግበሪያው የተዘጋ ቀን የት ብላችሁ ታገኙታላችሁ?

የምግብ አሠራር የምታሳይ ጓደኛ አለችኝ። ስልኳን በስኳር ጣሳ አስደግፋ፣ ጀርባዋን ለመስኮቱ እንዳትሰጥ እየተጠነቀቀች ነው የምትቀርጸው። አንድ ጠዋት ስትነሳ ገጿ የለም። «ደንባችንን ጥሰዋል» የሚል መልእክት ብቻ። የትኛው ቪዲዮ? አልተነገራትም። ይግባኝ አለች፣ ያው መልእክት ተመልሶ መጣ። ስልኳ በሞላ ቁጥር ዋናውን ፋይል ታጠፋ ስለነበር፣ እናቷ ድፎ ዳቦውን በኮባ ሲጠቀልሉ የቀረጸችው ሁሉ አብሮ ሄደ። እኔን እስካሁን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ደግሞ የግድ ደንብ መጣስ አያስፈልግም። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲገደቡብን እስከ ሐምሌ ድረስ ያለ ቪፒኤን መግባት አልተቻለም። ሕንድ በ2020 እ.ኤ.አ. ቲክቶክን ስታግድ የስንቱ ሥራ ባንድ ሌሊት ቆመ። ሙዚቀኞች ሥራቸውን ይጭኑበት የነበረው ማይስፔስ የተባለው ድረ ገጽ ደግሞ በ2019 እ.ኤ.አ. «ሰርቨር ስንቀይር ጠፋብን» አለና የዓመታት ሙዚቃ ቀለጠ፤ ሙዚቀኞቹ ምንም አላጠፉም። ዩቲዩብ ላይ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት የቅጂ መብት ማስጠንቀቂያ ከደረሳችሁ ቻናሉ ሊዘጋ ይችላል፤ ከጀርባ የምትከፍቱትን ዘፈን አስቡበት።

ውጡ እያልኩ አይደለም። ሰው ያለው እዚያ ነው። ግን ዋናውን ፋይል ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጡ። ከተመልካቾቻችሁ ቢያንስ የቅርቦቹን፣ ኮርስ የሚገዙትን፣ ዕቃ የሚያዙትን፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ስልካቸውን መዝግቡ። እኛ ሀገር ኢሜይል ማን ያነባል ትሉኝ ይሆናል፤ እውነት ነው፣ አጭር የጽሑፍ መልእክት ግን ሁሉም ያነባል። ቴሌግራም ቻናል አለኝ ብላችሁም አትዘናጉ፣ እሱም ያው የሰው ቤት ነው።

ዩቲዩብ ላይ ያለውን ጉግል ቴክአውት ገብታችሁ ማውረድ ትችላላችሁ። ዛሬውኑ አስጀምሩት። ፋይሉ ትልቅ ከሆነ ተዘጋጅቶ ሊንኩ እስኪላክላችሁ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይወስዳል፤ ሊንኩ ደግሞ ጊዜው ያልፍበታልና ጥሩ ዋይፋይ ያለበትን ቦታ ከወዲሁ አስቡ።