ሶፋውን ሸጬ መደብ አሠራሁ

ሶፋው አራተኛ ፎቅ የወጣው በደረጃ ሳይሆን በገመድ ነው። የደረጃው መታጠፊያ አላሳልፍ ስላለው ጫኝና አውራጆቹ በበረንዳ በኩል እየጎተቱ አስገቡት። ከታች የሰፈሩ ልጆች ተሰብስበው ያጨበጭባሉ፤ እኔ ደግሞ የዕቁብ ብሬ አየር ላይ ሲወዛወዝ እያየሁ ማርያም ማርያም እላለሁ። ጊዜው 2011 ዓ.ም. ነበር። ለሶፋው 28 ሺህ፣ ለገመዱ ድራማ ሌላ 2 ሺህ ብር ከፈልኩ።

ቤቱ አዲስ አበባ፣ የካ አባዶ ያለ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው። ዕጣው የወንድሜ ነው፤ በ1997 ተመዝግቦ ከአሥር ዓመት በኋላ ሲደርሰው እሱ አሜሪካ ከገባ ቆይቷል። «ኑሪበት፣ እንደፈለግሽ አድርጊው» አለኝ። ስገባበት ወለሉ ሊሾ፣ ግድግዳው ግራጫ ነበር። ሴራሚክ አስነጠፍኩ፤ ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ሁሉ ግን የብሎኩ ሰው ያደረገውን ነው። ክሬም ቀለም፣ ኤል ሼፕ ሶፋ፣ የኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራ ጣውላ) ቲቪ ማስቀመጫ፣ ድርብ መጋረጃ፣ የፕላስቲክ አበባ። ጎረቤቶች ገብተው «ሲስተርዬ፣ ቤትሽ ቤት ሆነ!» አሉኝ፤ እኔም አመንኳቸው።

ነርስ ነኝ። ከወሩ ሌሊቶች ግማሽ ያህሉን ዋርድ ውስጥ አነጋለሁ፤ ማታ 11 ሰዓት ገብቼ ጠዋት 2 ሰዓት እወጣለሁ። ቤቴ ውስጥ የምኖረው ሌላው ሰው ሥራ ላይ በሚውልበት ሰዓት ነው። ቤቱን በዕቃ ስሞላ ይህን አንዴ እንኳ አላሰብኩትም።

ነገሩን የነካችው እማዬ ናት። ከደሴ መጥታ ሁለት ሳምንት ስትሰነብት ሶፋው ላይ አንድም ቀን አልተቀመጠችም። በርጩማዋን ማድ ቤቱ በር ላይ አድርጋ ቡናዋን እዚያው ቆላች፣ እዚያው አፈላች፤ እኔም ከሥራ ስመለስ ከጎኗ ቁጢጥ እላለሁ። በሦስተኛው ቀን ሶፋውን በአገጯ እያመለከተች «ይሄኛው ደግሞ መቼ ነው የሚሄደው?» አለችኝ፣ ብዙ እንደቆየ እንግዳ። ሳቅኩ፤ ግን ገባኝ።

እማዬ ከሄደች በኋላ ቻርት አወጣሁ። ዋርድ ውስጥ ታማሚ «ደህና ነኝ» ስላለ ብቻ አንተወውም፣ በየሰዓቱ እንለካዋለን፤ ራሴንም እንደዚያው ልለካ ብዬ የፍሪጁ በር ላይ ወረቀት ለጠፍኩ። ለ14 ቀን የት እንደተቀመጥኩ፣ ስንት ሰዓት እንደነቃሁ፣ ምኑን የት እንደጣልኩ ጻፍኩ። ውጤቱ ያሳፍራል። ሶፋው ላይ የቆየሁት በድምሩ ሁለት ሰዓት አይሞላም፤ እሱም ልብስ ሳጣጥፍ ነው። በርጩማው ላይ ግን በየቀኑ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ። የሥራ ጫማዬና ቦርሳዬ ሁልጊዜ በሩ ሥር ተከምረው ይገኛሉ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ስድስት ጀሪካን መተላለፊያው ላይ ተሰልፎ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር እግሬን ይመታኛል። እንቅልፌ ደግሞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ 8 ሰዓት ላይ ይቋረጣል፤ በየቀኑ፣ ማንቂያ እንደተሞላ።

መጀመሪያ ያስተካከልኩት እንቅልፉን ነው። የመኝታ ቤቱ መስኮት ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ፀሐይ ዘንበል ስትል ቀጥታ ዓይኔ ላይ ታርፋለች። ጥቁር ጨርቅ ገዝቼ ሰቀልኩ፤ ለውጥ የለም። አንድ ቀን ጋደም ብዬ ሳስተውል ብርሃኑ የሚገባው በጨርቁ አልፎ ሳይሆን በጎንና በላይ ነው ለካ። የመጋረጃው ዘንግ ልክ በመስኮቱ ስፋት ተቆርጦ ነበር። በግራና በቀኝ 20 ሳንቲ ሜትር የሚያልፍ ዘንግ አስገጠምኩ፤ ወደ ኮርኒሱም አስጠጋሁት፤ ለነበረኝ መጋረጃ ጥቁር ገበር አሰፋሁለት። አሁን እስከ 10 ሰዓት እተኛለሁ። አምፖሎቹንም ቀየርኩ። ካርቶናቸው ላይ 6500 ኬልቪን (የብርሃኑ ቀለም መለኪያ ነው) የሚሉት ነጫጮቹ ልክ እንደ ዋርዱ ነው የሚያበሩት፤ እንዲህ ያለው ብርሃን እንቅልፍ እንደሚያባርር እያወቅኩ ሳሎኔ ውስጥ ሰቅዬው መኖሬ ይገርመኛል። 3000 የሚሉትን ቢጫዎቹን አስገባሁ። ጎረቤቴ ገብታ «ምነው፣ መብራቱ ደከመ እንዴ?» አለችኝ።

ቀጥሎ በሩ። ከሆስፒታል የመጣ ጫማና ልብስ ወደ ውስጥ እንዲዘልቅ አልፈልግም፤ ስለዚህ በሩ ጀርባ መስቀያ፣ ክዳን ያለው ቅርጫት፣ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካንና ሳህን አደረግኩ። ገብቼ፣ አውልቄ፣ ታጥቤ ነው የማልፈው። መልክ የለውም፤ ግን ከቤቱ ሁሉ የምወደው ጥግ እሱ ነው። ከበላዩ ለመጻሕፍት መደርደሪያ ልሰቅል ስል ግን ተዋረድኩ። በተራ ፊሸር (ግድግዳ ውስጥ ብሎን በሚይዘው ፕላስቲክ) አሰርኩት፤ በሳምንቱ ከነመጻሕፍቱ ወረደ። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ብሎኬት ነው፣ ውስጡ ባዶ ነው፤ ፊሸሩ የሚይዘው ነገር የለውም። ከባድ ነገር የሚሸከመው ኮለኑ፣ የኮንክሪት ምሰሶው ነው። መደርደሪያው ወደዚያ ተዛወረ፤ ቦታው ባያምርም።

ሳሎኑን ለብዙ ጊዜ ሳልነካው ቆየሁ። ያን ሰሞን ለጓደኛዬ ሠርግ ሐረር ሄድን፤ ጀጎል ውስጥ አንድ የሐረሪ ቤት ገብቼ ደንግጬ ቆምኩ። ሶፋ የለ፣ ቡፌ የለ። ነደባ የሚሉት ከፍና ዝቅ ያለ መደብ ከቤቱ ጋር አብሮ ተሠርቷል፤ ማን የት እንደሚቀመጥ በከፍታው ይታወቃል። ዕቃው በግድግዳው ውስጥ በተቦረቦሩ መደርደሪያዎች ተሰድሯል፣ ሰፌዱና ሳህኑ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ወለሉ ለሰው ተትቷል። እኔን ግን ትዝ ያለኝ የአያቴ ቤት ነው። የአያቴም ቤት መደብ ነበረው፤ ቀን መቀመጫ፣ ማታ መኝታ፣ ሥሩ የዕቃ ማስቀመጫ። እኛ ነን ከመደብ ወደ ሶፋ መሄድን እንደ ማዕረግ የቆጠርነው።

ተመልሼ አናጢ ጠራሁ። በበረንዳው በኩል ባለው ግድግዳ ልክ፣ ክዳኑ የሚከፈት የእንጨት መደብ፤ ሥሩ ጀሪካኖቹን የሚውጥ። ኤምዲኤፍ እንዳይሆን ለመንኩት። ቲቪ ማስቀመጫዬ አንድ ጀሪካን ሲያፈስበት እንደ ዳቦ ተነፍቶ ቀርቷል፤ ኤምዲኤፍ ውሃ ከጠጣ ወደ ልኩ አይመለስም። ሁሉንም በዋንዛ ማሠራት ውድ ስለሆነ ፊቱና ክዳኑ ዋንዛ፣ ውስጡ ባሕር ዛፍ ሆነ። ከዚያ የእኔ ጥፋት መጣ። የውስጡን ቁመት 40 ሳንቲ ሜትር ብዬ በግምት ነገርኩት። ተሠርቶ መጣ፤ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ከነመያዣው አልገባም። ለ15 ዓመት የሰው ሙቀትና ግፊት የለካሁ ሰው ጀሪካን መለካት አቃተኝ! ጎኖቹን ቀጥሎ 8 ሳንቲ ሜትር አስረዘመልኝ። ፍራሽ ሲደረግበት ከፍታው አለቅጥ ሆነና እማዬ ስትቀመጥ እግሯ ይንጠለጠላል። ለእሷ የጅማ በርጩማ ገዛሁ፣ ያን ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለውን ባለ ሦስት እግር። ስትመጣ እግሯን ታሳርፍበታለች፤ ሌላ ጊዜ እኔ ቡና አፈላበታለሁ።

ቀለሙም ላይ ተሳስቻለሁ። የሐረሪዎቹ ነደባ ቀይ ይቀባል፤ በ1879 ዓ.ም. ከምኒልክ ጦር ጋር በተደረገው የጨለንቆ ጦርነት የወደቁትን ለማሰብ ነው ብለው ነገሩኝ። ቀይነቱ ዓይኔ ውስጥ ስለቀረ አንዱን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ቀይ አስቀባሁት። ማታ መብራት ሳበራ ሥጋ ቤት ሆኖ ቁጭ አለ፤ የጎደለው ሚዛኑ ብቻ ነው። የእነሱ ቀይ የራሳቸው ታሪክ ነው፣ እኔ የተዋስኩት መልኩን ብቻ ነበር። ከመደቡ በላይ ያለውን መልሼ በነጭ አስቀባሁት፤ ከሽሮ ሜዳ የገዛሁትን ባለ ጥበብ ጨርቅ ትራሶቹን አለበስኩበት፣ በቃኝ።

ወንድሜ በቪዲዮ ሲደውል መጀመሪያ የጠየቀኝ «ሶፋውስ?» ብሎ ነው። «ሸጥኩት» ስለው ዝም አለ፤ ቀጥሎ «እንግዳ ሲመጣ ሰው ምን ይላል?» ባለፈው ፋሲካ 11 ሰው መጥቶ ነበር። አምስቱ መደቡ ላይ፣ ሁለቱ በርጩማ ላይ፣ ለቀሩት የፕላስቲክ ወንበር ከጎረቤት ተዋስኩ። ጠባብ ነበር፤ ደስ የሚል ነበር አልልም። ግን ለአንድ ቀን ፋሲካ ብዬ 364 ቀን ሳሎኔን ለሶፋ ማከራየት አልፈልግም። የከሰሉ ጭስ ነው እስካሁን ያልፈታሁት፤ ቡና ባፈላሁ ቁጥር በረንዳውን ከፍቼ በብርድ እንቀመጣለን።

ሶፋውን የገዛችኝ የሦስተኛ ፎቋ ጎረቤቴ ናት፣ በ19 ሺህ ብር። አሁንም በገመድ ወረደ፣ አሁንም ልጆቹ አጨበጨቡ፤ የገመዱን ዋጋ ተካፈልን። ነጭ ዳንቴል አልብሳዋለች፤ ልጆቿ እንዳይወጡበት የሳሎኑን በር ትቆልፋለች። እሁድ እሁድ ሲኒዋን ይዛ እኔ ጋ ትመጣለች፤ መደቡ ላይ እግሯን አጥፋ ተቀምጣ ሦስቱንም ትጠጣለች። ሰሞኑን ሲኒውን ይዞ መመላለሱ ሰልችቷት እዚሁ ትታዋለች።