የአያት ወረቀት

2008 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ በአዲስ አበባ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ከተቀጠርኩ ሦስት ወር አልሞላኝም ነበር። ብቻዬን እንድይዘው የተሰጠኝ የመጀመሪያው የቤተሰብ ጉዞ ከዋሽንግተን አካባቢ የሚመጡ አምስት ሰዎች ጉዞ ነው፦ ባልና ሚስት፣ ሁለት ልጆችና አያት። ወይዘሮዋ የጎንደር ተወላጅ ናቸው። በመጀመሪያው ኢሜይላቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ነበር፦ ልጆቻቸው በአፄ ፋሲል ባሕረ ጥምቀት ጸበል እንዲረጩ። ሌላውን ለእኔ ተዉት።

እኔም አሰናዳሁት። ጃንዋሪ 17 ወደ ጎንደር በረራ፣ 18 የፋሲል ግንብና ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ 19 ጥምቀት፣ 20 በጠዋት ወደ አዲስ አበባ መመለስ፣ 21 ማታ ወደ ዋሽንግተን። የጎንደር ሆቴሎች ለጥምቀት ቀደም ብለው ስለሚያዙ ሦስት ክፍል በማግኘቴ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ክፍያው ተፈጸመ፤ ትኬቱም ተቆረጠ።

ስህተቱ እንዲወጣ ምክንያት የሆኑት አያት ናቸው። ወይዘሮዋ ደውለው፣ “ለእማማ መርሐ ግብሩን በአማርኛ፣ በእኛ ቀን ጻፊላቸው፤ ቦርሳቸው ውስጥ ይዘውት ይዞራሉ” አሉኝ። የግድግዳውን የቀን መቁጠሪያ አውርጄ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋሁና በጣቴ እየተከተልኩ መጻፍ ጀመርኩ። ከጃንዋሪ 19 ትይዩ ያለው ቁጥር 10 ነው። ጥር 10። ከተራ። እንደገና ቆጠርኩ፤ ያው ነው። እጄ ቀዘቀዘ።

2007 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን 6 ቀን ሆና፣ የ2008 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነበር። ያቺ የአንድ ቀን ልዩነት የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29 እስኪያልፍ ድረስ ትቆያለች፤ ጥምቀትም ጃንዋሪ 20 ይውላል። ይህን አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው። ያሳሳተኝ ገና ነው። እንደ 2008 ባለ ዘመነ ዮሐንስ ልደት የሚከበረው ታኅሣሥ 28 ስለሆነ በፈረንጆቹ ቀን እንደ ወትሮው ጃንዋሪ 7 ላይ ይጸናል። ለሌላ ቤተሰብ የላሊበላ ጉዞ ስሠራ 7ን አይቼ፣ ገና ካልተነቃነቀ ጥምቀትም አይነቃነቅም ብዬ ሳላመሳክር አለፍኩ።

ባልደረባዬ ልታጽናናኝ፣ “ከተራን ያያሉ፤ ታቦታቱ የሚወርዱት፣ ዝማሬውና ሆታው የሚደምቀው ያን ቀን አይደል? ልጆቹ ልዩነቱን አያውቁም” አለችኝ። ከተራ እንደሚደምቅ እኔም አልክድም። ግን ኢሜይሉን መልሼ ሳነበው የተጻፈው ስለ ሆታ አይደለም፤ ስለ ጸበል ነው። ውኃው ተባርኮ ሕዝቡ የሚረጨው ጥር 11 ጠዋት ነው። በዚያ ሰዓት ልጆቹን አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ላሰልፋቸው ነበር።

አለቃዬ ሰምተው አልተቆጡም። “ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ወጪውም ከእኛ ይውጣ። ለደንበኛዋ ግን ራስሽ ትነግሪያቸዋለሽ” አሉኝ።

ጎንደር ደወልኩ። “እህቴ፣ ለጥር 11 ሌሊት አንድ አልጋ እንኳ የለኝም” አለኝ የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ። ሌሎች አራት ሆቴሎችም እንዲሁ። ከሰዓታት በኋላ ነው አልጋው የግድ ጎንደር መሆን እንደሌለበት የታየኝ። ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመኪና ሦስት ሰዓት ግድም። ጠዋት ይረጫሉ፣ ታቦታቱን ይሸኛሉ፣ ከሰዓት በኋላ ይነሣሉ፣ ባሕር ዳር አድረው ጃንዋሪ 21 ጠዋት ከዚያ ይበራሉ። ክፍልም፣ መቀመጫም ተገኘ።

እዚያ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስኪሆን እዚህ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ጠበቅኩና ደወልኩ። መፍትሔውን ሳይሆን ጥፋቴን አስቀደምኩ፤ ዛሬም ቢሆን ቅደም ተከተሉ እንዲህ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። ወይዘሮዋ ለአፍታ ዝም አሉ። ቀጥለው የጠየቁኝ፣ “ጸበሉ ጋ እንደርሳለን?” ብቻ ነው።

“ትደርሳላችሁ።”

ከዚያ ወዲህ ለማንም ቤተሰብ መርሐ ግብር ስጽፍ የሳምንቱን ዕለት፣ የእኛን ቀንና የእነሱን ቀን በአንድ መስመር ላይ አኖራለሁ። መቼ ትመጣላችሁ ከማለቴ በፊትም ምን ለማየት እንደሚመጡ እጠይቃለሁ።

ጥር 11 ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ። ከወዲያ እልልታ፣ ከበሮና የልጆች ጩኸት ተደባልቆ ይሰማል። የደወሉት አያት ናቸው።

“ልጄ፣ ጸበሉ ቦርሳዬ ውስጥ ገብቶ ወረቀትሽን አርሶታል፤ ቀለሙ ለቀቀ። ከዚህ ወዴት ነበር የምንሄደው?”

“ወደ ባሕር ዳር፣ እማማ” አልኳቸው። “ቀስ ብላችሁ፤ መኪናው ይጠብቃችኋል።”